ሞተረኞችን "የሄልሜት መስታወታችሁን ዝጉ" ከማለቴ በፊት ራሴ ሞከርኩት

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አይደለም። ስለ ሞተር ሄልሜት መስታወት ነው። "ዶክተር ምን ነካው፣ ዕቃ መሸጥ ጀመረ እንዴ?" እንዳትሉኝ። የምሸጠው ነገር የለኝም፤ የኩባንያ ስምም አልጠራም። ነገሩ የጀመረው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው፤ እስከ መጨረሻው አንብቡትና ሞተር ለሚነዳ ወንድማችሁ ላኩለት።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ተረኛ ሆኜ ሳለ እኩያዬ የሚሆን አንድ ሞተረኛ ቀኝ ዓይኑን በመሐረብ ሸፍኖ መጣ። (ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር ግን ትቻለሁ።) ከስምንት ቀን በፊት በጠዋት ሲነዳ አንድ ነገር ዓይኑ ውስጥ ገባ። ጠጠር ይሁን ትንኝ አላወቀም። አሸት አሸት አደረገው። ሲቀላበት ጓደኛው ቤት የተቀመጠ የዓይን ጠብታ አገኘና ጨመረበት። ለሁለት ቀን ቅላቱ ቀነሰለት። ከዚያ በኋላ ግን ሕመሙ ባሰበት፤ ብርሃን ማየት አቃተው።

እኔ ሳየው በኮርኒያው ላይ ነጭ ነጥብ ነበር። ኮርኒያ የምንለው የዓይናችንን ጥቁር ክፍል ከፊት የሚሸፍነውን፣ እንደ መስታወት የጠራውን ክፍል ነው። ጠብታውን አውጥቶ ሲያሳየኝ ዴክሳሜታዞን ያለበት ሆኖ አገኘሁት፤ ማለትም ስቴሮይድ። ስቴሮይድ ቅላትንና ሕመምን ያስታግሳል፤ ነገር ግን የዓይንን መከላከያ ስለሚያዳክም ኢንፌክሽን ካለ ተደላድሎ እንዲስፋፋ በር ይከፍትለታል። በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ላክነው። ዓይኑ ተረፈ፤ ጠባሳው ግን ቀረ። በዚያ ዓይኑ ዛሬም እንደ ድሮው አያይም።

"ሄልሜት አልነበረህም?" አልኩት።

"አድርጌ ነበር። መስታወቱን ግን ከፍቼዋለሁ።"

"ለምን?"

"ዶክተር፣ አይከፋህና፣ አንተ በዚህ ብርድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ መስታወት ዘግተህ ነድተህ ታውቃለህ? ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጉም ይይዘዋል። ዘግቼ ሳላይ ከምጋጭ ከፍቼ እያየሁ ብነዳ ይሻላል ብዬ ነው።"

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔም ሞተር አለኝ። ከቤቴ ሆስፒታል የምመላለሰው በሞተር ነው። መነጽር ስለማደርግ ደግሞ ችግሩ በእኔ ላይ እጥፍ ነው፦ መስታወቱም መነጽሩም እኩል ይታፈናሉ። ስለዚህ እኔም ከፍቼ ነበር የምነዳው! ታካሚዬን ልመክር የተዘጋጀሁት ራሴ የማላደርገውን ነገር ነበር።

ጀርመን አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ ብርሃን ሲነካው የሚጠቁር፣ ከውስጥ ደግሞ ጉም የማይይዝ የሄልሜት መስታወት እንዲያመጣልኝ ለመንኩት። አመጣልኝ። ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ፤ ከወር ደሞዜ ግማሹን የሚበላ ነው። "በዚህ ገንዘብ ስንት ነገር ይገዛ ነበር" እያልኩ፣ ቢያንስ ለእናንተ የሚጠቅም ነገር ላውጣበት ብዬ ለሁለት ወር ያህል ፈተሽኩት።

መጀመሪያ አሠራሩን እንረዳ

ብርሃን ሲነካው የሚጠቁረው ዓይነት ፎቶክሮሚክ ይባላል። መነጽር ቤት የምታውቁት ነው። በላዩ ያሉት ሞለኪውሎች አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍባቸው ቅርጻቸውን ይቀይራሉ፤ የተቀየረው ቅርጽ ብርሃን ስለሚውጥ መስታወቱ ይጠቁራል። ጨረሩ ሲቀር ሙቀት ወደ ድሮ ቅርጻቸው ይመልሳቸዋል፤ መስታወቱም ይጠራል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ የሚያጠቁረው በዓይናችን የምናየው ብርሃን ሳይሆን የማናየው ጨረር ነው። ሁለተኛ፣ መልሶ የሚያጠራው ሙቀት ስለሆነ በብርድ ጊዜ የበለጠ ይጠቁራል፣ ለመጥራትም ይዘገያል። እነዚህን ሁለት ነገሮች አለማስተዋሌ በኋላ ሊያስከፍለኝ ነበር።

ጉም የሚከላከለው ደግሞ ሌላ ክፍል ነው። ከአፍና ከአፍንጫችን የሚወጣው አየር ሞቃትና በእርጥበት የተሞላ ነው። ቀዝቃዛ መስታወት ሲነካ እርጥበቱ ወደ ጥቃቅን የውሃ ጠብታዎች ይለወጣል፤ የፈላ ድስት ክዳን ውስጥ እንደምታዩት ማለት ነው። ሞተረኞች ፒንሎክ የሚሉት ዘዴ በዋናው መስታወት ውስጥ ሌላ ስስ ፕላስቲክ ይለጥፋል፤ ዙሪያውን በሲሊኮን ይዘጋል። በሁለቱ መካከል የታሰረው አየር እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የውስጡ ገጽ እንዳይቀዘቅዝ ያደርጋል። ፕላስቲኩ ራሱም የተወሰነ እርጥበት ይመጣል።

ሙከራ 1፦ ጉሙ

ተረኛ በሆንኩባቸው ጠዋቶች ከ12 ሰዓት በፊት ተነስቼ ዘግቼ ነዳሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጠዋቱ ውርጭ ነው። እውነት ለመናገር ገረመኝ! የድሮው መስታወቴ ገና ከግቢ ሳልወጣ ይታፈን ነበር፤ ይኼኛው ሆስፒታል እስክደርስ ጠርቶ ቆየ። ከፊቴ መኪና ቆሞ እኔም ስቆም፣ ማለትም ነፋስ በማይገባበት ሰዓት እንኳ፣ መሀሉ አልታፈነም።

እንከኑስ? ሦስት አገኘሁበት። አንደኛ፣ ስሱ ፕላስቲክ የማይደርስበት ጠርዝ ላይ ጉም ይይዛል። ሁለተኛ፣ ዝናብ እየዘነበ ረጅም መንገድ ስሄድ ፕላስቲኩ እርጥበቱን መጥጦ ሲጠግብ ብዥ ማለት ጀመረ። ሦስተኛ፣ መነጽሬን አያድንም! መስታወቱ ጠርቶ መነጽሬ ሲታፈን ሳቄ መጣ። ለዚህ የረዳኝ የሄልሜቱን የአየር ቀዳዳዎች ሁሉ መክፈትና ትንፋሼን በአፌ ሳይሆን በአፍንጫዬ ወደ ታች ማውጣት ነው። አንገት ልብስ አፍና አፍንጫ ላይ የምትጠመጥሙ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ትንፋሹን ቀጥታ ወደ ላይ ወደ ዓይናችሁ ነው የሚልከው።

ሙከራ 2፦ መጥቆርና መጥራት

መስታወቱን ፈትቼ በጥቁር ጨርቅ ጠቅልዬ አቆየሁና ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ ላይ አወጣሁት። በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ መጥቆሩ በግልጽ ይታያል፤ አንድ ደቂቃ አካባቢ ላይ ጨርሶ ጠቆረ። በስልኬ የብርሃን መለኪያ ሳየው (ላቦራቶሪ አይደለም፤ ግምት ብላችሁ ያዙት) ሲጠራ ከአስሩ የብርሃን እጅ ስምንቱን ያህል፣ ሲጠቁር ደግሞ ሦስቱን ያህል ያሳልፋል።

ወደ ቤት ሳስገባውስ? ከሁለት ደቂቃ በኋላም ገና ጠይም ነበር። ሙሉ በሙሉ የጠራው አሥር ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ነው። በብርዳማ ጠዋት ስደግመው ደግሞ የበለጠ ጠቆረ፣ ከዚያም በላይ ዘገየ። ለመጥቆር አንድ ደቂቃ፣ ለመጥራት አሥር ደቂቃ። ይህን ልዩነት አትርሱት።

ሙከራ 3፦ የማይጠቁርበትና የማይገባው ቦታ የሚጠቁርበት

የባልደረባዬ መኪና ውስጥ የፊት መስታወቱ ሥር አስቀመጥኩት። ፀሐዩ እያቃጠለኝ እሱ ነቅነቅም አላለም። ምክንያቱም የመኪና የፊት መስታወት አልትራቫዮሌቱን ስለሚያስቀር ነው። ፎቶክሮሚክ መነጽር ያላችሁ ሹፌሮች "መነጽሬ መኪና ውስጥ አይሠራም፣ ተታለልኩ" ስትሉ የምሰማው ለዚህ ነው፤ አልተታለላችሁም።

የባሰው ግን ይኼኛው ነው። ሰማዩ ደመና በሆነበት ቀን፣ ስስ ጉም ባለበት ሰዓትም ቢሆን ይጠቁራል! አልትራቫዮሌት ስስ ደመናን አልፎ ይመጣል። ከፍታ ሲጨምር ደግሞ ጨረሩ ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ እንደ እኛ ባለ ደጋ አገር፣ መንገዱ በጉም ተሸፍኖ ብርሃን በሚያስፈልጋችሁ ሰዓት መስታወቱ ተጨማሪ መጋረጃ ይሆንባችኋል።

ምሽቱን ፈርቼው ነበር፤ ፍርሃቴ ግን ልክ አልነበረም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አልትራቫዮሌቱ ከሚታየው ብርሃን ቀድሞ ስለሚቀንስ መስታወቱ ሳይጨልም ቀድሞ መጥራት ይጀምራል። ጭንቁ ያለው ብርሃኑ ድንገት በሚቋረጥበት ቦታ ነው።

ጣርማ በር ላይ የሆነው

አንድ ቅዳሜ የባልደረባችን ሠርግ ደብረ ሲና ነበርና በሞተር ሄድኩ። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጡና ጣሊያን ያስቆፈረውን ረጅም ዋሻ አልፋችሁ ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ ፀሐዩ የጠራ፣ ብርዱ የሚቆርጥ። መስታወቴ ከሰል መስሏል። ደስ ብሎኝ፣ ዓይኔ ሳይጨፈንብኝ እየነዳሁ ዋሻው ውስጥ ገባሁ።

ገባሁና ምንም አላየሁም። "ጨለመብኝ" ማለት አይገልጸውም። የፊት መብራቴ እንኳ የት እንደሚያርፍ ጠፋኝ። ፍሬን ያዝኩ፤ በግራ እጄ መስታወቱን ወደ ላይ ገፋሁ። ከፊቴ፣ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ የተጫነች አህያና ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ጥግ ይዘው እየሄዱ ነበር። ሞተሩ ተንሸራቶ ቆመ። አህያይቱን አልነካኋትም። እሳቸው ዞር ብለው አዩኝና "ልጄ፣ ዓይን የለህም እንዴ?" አሉኝ።

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እጄ ግን ለረጅም ጊዜ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዓይን አለኝ እኮ፤ ያውም ሐኪም ነኝ!

የሆነውን ሐኪም ሆኜ ላስረዳችሁ። ከብርሃን ወደ ጨለማ ስንገባ የዓይናችን ብሌን በሰከንዶች ውስጥ ይሰፋል። የዓይናችን ውስጠኛ ክፍል፣ ሬቲና፣ ግን ጨለማን ለመልመድ ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ ሙሉ በሙሉ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃና ከዚያም በላይ ይወስዳል። በዚያ ላይ ለመጥራት አሥር ደቂቃ የሚፈልግ ጥቁር መስታወት ሲጨመርበት አስቡት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። አምስት ሰከንድ ካላየ 55 ሜትር ዓይኑን ጨፍኖ ነዳ ማለት ነው።

ሲመለስ ምን አደረግኩ? ዋሻው አፍ ላይ ከመድረሴ በፊት ጥግ ይዤ ቆምኩ፤ መስታወቱን ከፈትኩ፤ መብራቴን አብርቼ ቀስ ብዬ ገባሁ። ሞኝነት የሚመስል ቀላል ነገር ነው፤ ግን ይኼው ነው መፍትሔው።

ጥቁር መስታወት ለቀን ብቻ የሚለው ሕግ ያለ ምክንያት አልወጣም። በአውሮፓ ለብዙ ዓመታት በተሠራበት የሄልሜት ደንብ (ቁጥር 22፣ 05ኛው ማሻሻያ) ለቀንም ለማታም የሚሆን መስታወት ከብርሃኑ ቢያንስ 80 በመቶውን ማሳለፍ ነበረበት፤ ከ50 እስከ 80 በመቶ የሚያሳልፈው "ለቀን ብቻ" የሚል ምልክት ይደረግበታል። የእናንተንም መስታወት ጠርዙን እዩት፤ ጽሑፍ ይኖረዋል።

መስታወቱ ከሄልሜቱ አይበልጥም

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በግንቦት 1935 እ.ኤ.አ. "የዐረቢያው ሎውረንስ" በመባል የሚታወቀው ቲ. ኢ. ሎውረንስ እንግሊዝ አገር በሞተር ሳይክሉ ሲሄድ ሁለት በብስክሌት የሚሄዱ ልጆችን ላለመግጨት ሲል ወደቀ። ሄልሜት አላደረገም ነበር። ጭንቅላቱ ተጎድቶ ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የሚባል የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ነገሩ ከውስጡ አልወጣለትም፤ በሞተር አደጋ የሚሞቱ ወታደሮችን ማጥናት ጀመረና በ1941 እ.ኤ.አ. የሄልሜትን ጥቅም የሚያሳይ ጥናት አወጣ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሞተረኞቹ ሁሉ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። አንድ ታካሚ ያጣ ሐኪም የስንቱን ሕይወት እንዳተረፈ እዩ!

ዛሬ ማስረጃው ሞልቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ ሄልሜት የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ግን ሄልሜቱ ጭንቅላት ላይ ሲሆን ነው፤ መሪው ላይ ወይም ክርን ላይ ሲንጠለጠል አይደለም። የአገጭ ማሰሪያው ካልታሰረ ደግሞ ገና ከመውደቃችሁ ሄልሜቱ በርሮ ይሄዳል።

ታዲያ ፍርዴ ምንድን ነው?

ጉም የሚከላከለውን ወድጄዋለሁ። ከተቻላችሁ ግዙ፤ የብርድ አገር ሞተረኛ መስታወቱን ዘግቶ እንዲነዳ የሚያደርግ ነገር ዓይን ያድናል።

የሚጠቁረውን ግን ለሁሉም አልመክርም። ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ለሚነዳ ምቹ ነው። ዋሻ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጥላ፣ ጉምና ዝናብ ለሚበዛበት መንገድ ግን የጠራ መስታወት ይሻላል። "ጥቁር ካልሆነ ፀሐዩ ዓይኔን ይጎዳል" የምትሉ ደግሞ ስሙ፦ አብዛኛው የሄልሜት መስታወት የሚሠራበት ፖሊካርቦኔት የሚባለው ፕላስቲክ ጠርቶም ቢሆን አልትራቫዮሌትን በአብዛኛው ያስቀራል። ጥቁረት ለምቾት ነው፤ ከጨረር መከላከል ሌላ ነገር ነው።

ገንዘብ ለሌላችሁስ? የሚከተሉትን አድርጉ፦

1. የጠራውን መስታወት ከውስጥ በለብ ያለ ውሃ አጥባችሁ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በስሱ ቀቡና በለስላሳ ጨርቅ እስኪጠራ ወልውሉት። ሳሙናው ውሃው ጠብታ እንዳይሆን፣ ይልቁንም ስስ ሆኖ እንዲዘረጋ ያደርገዋል። ለጥቂት ሰዓት ይሠራል። አታብዙት፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል። ፒንሎክ ባለው ላይ ግን ሳሙና አትቀቡ።

2. ቤንዚን፣ አልኮልና የመስኮት ማጽጃ አትጠቀሙ፤ ፕላስቲኩንና ሽፋኑን ያበላሻሉ።

3. ሲቆም መስታወቱን በአንዲት ጥርስ ብቻ ክፈቱት፤ ስትንቀሳቀሱ መልሳችሁ ዝጉት።

4. በጣም የተጫጫረ መስታወት ቀይሩ። ማታ ከፊት የሚመጣ መብራት ሲያርፍበት ይበታተንና ያሳውራችኋል።

5. አንድ ጊዜ ክፉኛ የተመታ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ጣሉት። የውስጡ ፎም ምቱን የሚውጠው አንዴ ተጨፍልቆ ነው፤ ለሁለተኛው አይደርስም።

6. ከኋላ ለምታፈናጥጡት ሰውም ሄልሜት ያዙ። እሱም ጭንቅላት አለው።

ዓይናችሁ ውስጥ ነገር ከገባ

አትሹት። በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥቡት። የሌላ ሰው ጠብታ፣ ቅጠል፣ ወተት አትጨምሩ። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በፍጹም! ሕመሙ ካልተወ፣ ብርሃን ማየት ካቃታችሁ፣ ዕይታ ከደበዘዘ ወይም ዓይኑ ላይ ነጭ ነገር ካያችሁ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ሂዱ። "እስከ ነገ ልየው" አትበሉ።

በመጨረሻ

ያ ታካሚዬ ባለፈው ለክትትል ሲመጣ ስለ ሙከራዬ ነገርኩት። የጣርማ በሩን ታሪክ ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀብኝ። "አየህ ዶክተር፣ አሁን ገባህ" አለኝ። አዎ፣ ገብቶኛል። የሚጠቁረውን መስታወት አስቀምጬ ወደ ጠራው ተመልሻለሁ፤ ጉም መከላከያ የተለጠፈበት ነው። ለእሱም አዲስ አበባ የሚመላለስ ወዳጄ አንድ የጉም መከላከያ ፕላስቲክ አግኝቶልኝ ሰጠሁት፤ ሄልሜቱ ላይ አብረን ለጠፍነው። በቀደም ጠዋት ከሆስፒታሉ በር ላይ አልፎኝ ሲሄድ አየሁት። ጡሩንባ ነፋልኝ። መስታወቱ ተዘግቷል።

ሞተር የሚነዳ ወንድም፣ ልጅ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ይህን ላኩለት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ።

በሰላም ግቡ!